ያልወጣ እርም

ከሞላሌ በላይ ባለው የሚካኤል ደብር ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚጠየቀው «መቼ ይቀበራል?» አልነበረም። «ጥሩሸዋ ሰምታለች?» ነበር። ቄሱ ጠምጥመው፣ ጉድጓድ ቆፋሪው ዶማውን ጥሎ ላቡን እየጠረገ፣ ዘመድ ከራቤል በበቅሎ ገስግሶ ደርሶ፣ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ የሚጠብቀው አንዲት ቀጭን፣ አጭር፣ ፊቷን ፈንጣጣ የነካካው ሴት ነበረች። እሷ ሳትደርስለት የተቀበረ ሰው «ሳይለቀስለት ቀረ» ይባል ነበር።

ሥራዋን ታውቀዋለች። መጀመሪያ ከሟቹ የቅርብ ሰው ጋር ጥግ ይዛ ትቀመጥና ሦስት ነገር ትጠይቃለች፤ ምን ይወድ ነበር? ከማን እንደተጣላ ሞተ? እጁስ ምን ያውቅ ነበር? ሌላው ትርፍ ነው። ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ ታደርግና ወደ ለቅሶው መሀል ትገባለች። እሷ ሙሾውን ታወጣለች፣ ሕዝቡ እየደገመ ይቀበላታል። ፈንታ የሚባል፣ አንድ በሬውን ከጎረቤት በሬ ጋር እያቀናጀ ሰባት ልጅ ያሳደገ ድሃ የሞተ ቀን እንዲህ አለች፤

ባንድ በሬ አርሶ ሰባት ያጎረሰ፣
ያረሰው መሬቱ ዞሮ እሱን ጎረሰ።

የፈንታ ሚስት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ባሏን ስትራገም የኖረች ሴት ናት። ይህን ስትሰማ መሬት ላይ ተንከባለለች፤ አራት ሰው ነው ያነሳት። እርም ማውጣት ማለት ይሄ ነው። ሆድ ውስጥ የተቋጠረውን ሁሉ አውጥቶ ሙታንን ለሙታን አገር አስረክቦ፣ በማግስቱ ገብስ ማጨድ የሚቻልበት ነገር። ጥሩሸዋ ለአገሩ ሰው ሁሉ ይህን ስታደርግለት ኖራለች።

አንድ ጊዜ የትምህርት ቤቱ አስተማሪ ደብተር ይዞ መጣ። «እስቲ ያንን የፈንታን ግጥም ቀስ ብለሽ ንገሪኝ፣ ልጻፈው» አላት። ጥሩሸዋ አፏን ከፈተች፤ ምንም። «ባንድ በሬ...» ብላ ቆመች። እንደገና ሞከረች፣ እንደገና ቆመች፣ አፈረች። በመጨረሻ ዓይኗን ጨፍና ዜማውን በአፍንጫዋ ስታንጎራጉረው ቃሉ ተከታትሎ መጣ። «እኔ እንደናንተ የቆጠርኩት ፊደል የለኝ። ዜማው ካልጎተተው ቃሉ አይመጣልኝም» አለችው። አስተማሪው ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። ያኔ የሚያስቅ ነገር ነበር።

የደብሩ አስተዳዳሪ መምሬ ገብረየሱስ ግን ሙሾ የሚያስቃቸው ሰው አልነበሩም። ደርግ በወደቀ በዓመቱ ነው ወደ ሚካኤል የመጡት። የተማሩ ናቸው፣ ቅዳሴያቸው ያምራል፣ ፊታቸው ግን አይፈታም። በየቀብሩ ላይ መስቀላቸውን ወደ አልቃሾቹ እያመለከቱ «ይሄ ትንሣኤ የሌለው ሰው ጩኸት ነው! ክርስቲያን በዝማሬና በጸሎት ነው የሚሸኘው!» እያሉ ይገሥጹ ነበር። ሰውም «እውነት ነው አባታችን» ይልና ዞር ሲሉ ደረቱን ይደቃል። ለካ ጥሩሸዋን ዝም ያሏት ቀኗን እየጠበቁ ኖሯል።

ቀኗ የመጣው በ1991 ዓ.ም. ነው። ጥሩሸዋና ባሏ አንዷለም አራት ወልደው ሦስቱን በሕፃንነታቸው ቀብረዋል። የቀራቸው ወንድምአገኝ ነበር። የሻዕቢያ ጦርነት ሲመጣ የሞላሌ ልጆች በመኪና ተጭነው እየዘፈኑ ሲሄዱ ወንድምአገኝም አብሮ ዘፈነ። በዚያው ሰሞን አንዷለም «እንግዲህ ዕድሜያችንም እየገፋ ነው፤ እንቁረብ» አላት። ባልና ሚስት አብረው ከቆረቡ በኋላ መለያየት የለም፣ መመለስ የለም። ጥሩሸዋ ደስ አላት። ንስሐ አባታቸው መምሬ ስለሆኑ እሳቸው ዘንድ ሄዱ።

መምሬ አንዷለምን ብዙ አልጠየቁትም። ወደ እሷ ዞሩ።

«ሙሾውን ካልተውሽ ሥጋ ወደሙ የለም።»

«ለባዳው ነው አባቴ፣ ወይስ ለዘመድም?»

«ለማንም! አባትሽም ቢሞት፣ ልጅሽም ቢሞት። በዚያ ከንፈር ክቡር ደሙን ከተቀበልሽበት በኋላ አንዲት የሙሾ ስንኝ ቢወጣበት፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን ገዝቼሻለሁ። ትችያለሽ? ካልቻልሽ አሁኑኑ ንገሪኝ።»

«ልጅሽም ቢሞት» ሲሉ አንድ ነገር አሰበች። ይህን ለመምሬም፣ ለአንዷለምም አልተናገረችም። «ጌታዬ፣ ከዚህ ድምፅ ሌላ የምሰጥህ የለኝም። ድምፄን ውሰድ፣ ልጄን መልስልኝ» አለች በልቧ። እሷው ተናገረች፣ እሷው ተስማማች። አይ ሞኝነት! ከላይ «እሺ» ያላት ማን ነበር? ማንም የለም። እሷ ግን በነሐሴ ፍልሰታ ስትቆርብ ልጇ የተመለሰላት ያህል ፊቷ በርቶ ከቤተ መቅደስ ወጣች።

ሰው ይህን ይቅር የሚላት መስሏት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲሞት ትሄዳለች፣ ጥግ ትቀመጣለች፣ እንባዋን ትጠርጋለች፣ አፏን ግን አትከፍትም። «ምነው ጥሩሸዋ፣ የኔ እናት ከፈንታ አንሳ ነው?» ይሏታል። «ቆርቤያለሁ» ትላለች። «እኛስ የቆረብን አይደለንም? ኮራሽ እንጂ!» በቦታዋ ኮከቤ የምትባል ሌላ አልቃሽ ገባች። ኮከቤ ድምፅ አላት፣ እውነት ነው፤ ስንኟ ግን የለቅሶ ሳይሆን የጠብ ነበር። ጥሩሸዋ በነበረችበት ዘመን ሁልጊዜ ተቀባይ ሆና ነው የኖረችው፣ ያም ሲቆጠቁጣት ኖሯል።

ጦርነቱ አለቀ። የተመለሰው ተመለሰ። ያልተመለሰው ስሙ በቀበሌ መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። በ1994 ዓ.ም. በጥር መርዶ ሊነገር እንደሆነ ሲታወቅ፣ ከጥሩሸዋና ከአንዷለም በቀር የወንድምአገኝን መሞት ያልሰማ አልነበረም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰው እየሳቀ ሰላም ይላት ነበር። በየጓዳው የሚወራው ግን ስለ ልጁ መሞት አይደለም፤ እግዜር ያሳያችሁ! «ለሰው ልጅ እንደዚያ ያወጣች፣ ለገዛ ልጇማ ምን ልትል ነው?» ነበር የሚባለው። ከጓሳ ማዶ ሳይቀር «ስትጀምር ጥሩን» ብለው ቀጠሮ የያዙ ነበሩ። ሰው በሰው ቁስል እንጨት ሲሰድ እንዲህ ነው፤ ስንቁን ሁሉ ቋጥሮ ይመጣል።

ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ በሩን አንኳኩ። ከኋላቸው ግቢው በሰው ሞልቷል። ጥሩሸዋ ያንን ሁሉ ሰው ስታይ የሚነግራት አላስፈለጋትም። ስንቱን መርዶ ያየች ሴት ናት፣ ለቀባሪ አረዱት ነው ነገሩ። ወደቀች። ስትነሳ የመጀመሪያው ስንኝ ከነዜማው ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ነበር። አፏን ከፈተች። አንዱ ሰውዬ የኋላው ሰው እንዲሰማ «እሽሽ!» ብሎ እጁን ሲያነሳ አየችው።

ከሰውየው ጎን መምሬ ገብረየሱስ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። የሚያዩት ዓይኗን አይደለም፣ ከንፈሯን ነው።

«ጥሩሸዋ» አሉ ቀስ ብለው። «ቃልሽን።»

የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰችና ነከሰችው።

«በይ እንጂ!» አለ አንዷለም። በሰው ፊት አልቅሶ የማያውቅ ሰው እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀ ትከሻዋን ይዞ ነቀነቃት። «በይለት እንጂ! ለልጅሽ ነው! ለፈንታ ያልሽውን ያህል እንኳ በይለት!» እሷ ጭንቅላቷን ብቻ ነቀነቀች። ነጠላው በጥርሷ መሀል ደም ነካው።

ሰው ለትንሽ ጊዜ ጠበቀ። ከዚያ ተናደደ። ከሩቅ የመጣው ባዶ እጁን ሊመለስ ነው። ያኔ ኮከቤ ወገቧን አስራ መሀል ገባች። በእሷ ዘመን እንደዚያ ያለ ሰው ተሰብስቦ አያውቅም፣ እንደዚያ ያለ ዕድልም አልገጠማትም። በአስከሬኑ ምትክ በእንጨት ላይ የተሰቀለውን የወንድምአገኝን ልብስ አንስታ እያወዛወዘች፣ ፊቷን ወደ ጥሩሸዋ አዞረች፤

ለጎረቤት ሬሳ ስታነባ ኖረች፣
የራሷ ልጅ ሲሞት እንደ ድንጋይ ቀረች።

ሕዝቡ ተቀበለ። የሙሾ ደንቡ ነው፣ ያወጣችው ትላለች፣ ሁሉም ይደግመዋል። ሌላው ይቅርና የፈንታ ሚስት እንኳ ደረቷን እየደቃች ደገመችው። ያቺ አራት ሰው ያነሳት! ጥሩሸዋ አያት፤ ያቺ ሴት ግን ዓይኗን ጨፍና ነበር። ኮከቤ ሕዝቡ እንደሞቀላት ስታውቅ ጨመረች፤

እናት አለኝ ብሎ በዱር የወደቀው፣
እንኳንም አልመጣ ድንጋይ ነው የጠበቀው።

ይህንንም ተቀበሉ። መምሬ ይህን ሙሾ ለመከልከል አፋቸውን አልከፈቱም። የገዘቱት ጥሩሸዋን ነው እንጂ ኮከቤን አይደለማ።

ከዚያ ወዲያ ስሟ ጠፋ፤ «ድንጋይቱ» ሆነች። ምንጭ ስትወርድ ሴቶቹ ወሬ ያቋርጣሉ። ማኅበር ላይ ጽዋው እሷን ዘሎ ያልፋል። ይህን ሁሉ ትችለው ነበር። ያልቻለችው አንዷለምን ነው። ለቅሶው በወጣ በሳምንቱ ከበሩ ላይ ቆሞ «ልጄን ሁለቴ ገደላችሁት። አንዴ እነሱ፣ አንዴ አንቺ» አላት። ከዚያ በኋላ ዝም። እንዳይፈታት ቆርበዋል፣ እንዳይሄድ መሬቱ እዚህ ነው። «በጎቹ ገቡ»፣ «ጨው የለም»፣ ከዚህ ያለፈ ቃል በዚያ ቤት ሁለት ዓመት አልተሰማም። የሚበላውን ታቀርባለች፣ ፊቱን አዙሮ ይበላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ አብረው ይወርዳሉ፤ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ።

እርሟን ያላወጣች እናት ሆዷ አያርፍም። ኩበት ስትለቅም፣ ጥጥ ስትፈትል፣ ጭስ ዓይኗን ሲያቃጥላት፣ ስንኙ ይመጣል። አንዱን ትውጣለች፣ ከወር በኋላ ሌላው ይመጣል። ወንድምአገኝ በግ ሲሸልት እጁ እንዴት እንደነበር፣ ከማን ጋር ተጣልቶ እንደሄደ፣ ምን ይወድ እንደነበር። ለሰው ስትጠይቅ የኖረችውን ሦስት ጥያቄ ለራሷ የሚጠይቃት አልነበረም፤ መልሱን ግን ታውቀዋለች። አሥራ ስምንት ስንኝ ተከማቸ። ይህም ኃጢአት መስሏት ለመምሬ ተናዘዘች። «በሆዴ ሙሾ ይመጣብኛል አባቴ።» መምሬ ራሩላት ብላችሁ ነው? በቀን አርባ አርባ ስግደት ጨመሩላት። ሰገደች። ጉልበቷ ቆሰለ፣ ስንኙ ግን አልሄደም።

በ1996 ዓ.ም. በግንቦት የመምሬ ልጅ ዲያቆን አፈወርቅ ከደብረ ብርሃን ሲመጣ የተሳፈረበት አውቶቡስ ፍሬን በጥሶ ገደል ገባ። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር፣ በዚያው ወር ሊያገባ ነበር። አስከሬኑ በማግስቱ ጠዋት ሚካኤል ደረሰ። ጥሩሸዋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለመሄድ ስትነሳ በሩ ጨለመ። መምሬ ገብረየሱስ ቆመዋል። ጥምጣማቸው ተፈቶ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ባዶ እግራቸውን ናቸው።

«ጥሩሸዋ» አሉ። ድምፃቸው የሳቸው አይመስልም። «ልጄ ሳይለቀስለት ሊቀበር ነው።»

«እግዚአብሔር ያጽናዎት አባቴ። እየመጣሁ ነበር።»

«እንደሱ አይደለም። ተይው እንደሱ አይደለም።» የበሩን መቃን ያዙ። «ያቺ ኮከቤ አፏን ልትከፍትበት ነው። ልጄ ለእሷ አፍ አይገባም! አንቺ ነሽ የምታውቂበት። ነይ፣ ሁለት ስንኝ፣ ሁለት ብቻ። እናቱ አልወጣላትም፣ ልትሞትብኝ ነው።»

«ግዝቱስ?»

«ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ እኔ ፈትቼሻለሁ። እግዚአብሔር ይፍታሽ! ነይ።»

ጥሩሸዋ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ነው የጠበቀችው። አንዷለም ከምድጃው ማዶ ተቀምጦ ጠፍር እየፋቀ ነበር፤ እጁ ቆመ።

«ለወንድምአገኝም ተፈታ?» አለች።

መምሬ አላሰቡበትም ኖሮ ግራ ተጋቡ። «የእሱማ... ተዝካሩም ወጥቷል። አሁን የሁለት ዓመት መርዶ ብታነሺ ሰው ምን ይላል? ዛሬ የአፈወርቅ ቀን ነው። ለአፈወርቅ ነው የፈታሁሽ።»

«አባቴ፣ ለልጄ አሥራ ስምንት ስንኝ ጉሮሮዬ ላይ አለ። አፌን ከከፈትኩ የሚወጣው እሱ ነው። በሩ ላይ ቆሟል፤ የርስዎ ልጅ በየት በኩል ያልፋል?»

«ጥሩሸዋ፣ እግርሽ ላይ ልውደቅ?»

«አይውደቁ። እኔ ልጄን ዝም ያልኩት ለእግዚአብሔር መስሎኝ ነው። የእግዚአብሔር ከሆነ ለርስዎ ልጅ ሲሆን አይላላም። የርስዎ ከሆነ ደግሞ ያን ጊዜ ይንገሩኝ ነበር። ልጄን አልቅሼ እቀብረው ነበር።» ድምፅዋ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «ግዝቱ እንዳለ ይሁን።»

የመምሬ ኀዘን ወደ ቁጣ ዞረ። «እውነታቸውን ነው! ድንጋይ ነሽ! ልብ የለሽም፣ ክርስቲያንም አይደለሽ!» ብለው መሬት ላይ ተፉና እየተንገዳገዱ ቁልቁል ሄዱ። ያቆረቧት እሳቸው ናቸው እንግዲህ።

ጥሩሸዋ በሩን መለሰችው። ዞር ስትል አንዷለም ጠፍሩን አስቀምጦ እያያት ነበር። ፊቷን ካየው ሁለት ዓመቱ ነው።

«ስንኝ አለኝ አልሽ?»

«አለኝ።»

«ለወንዴ?»

«ለወንዴ። ከዚያን ቀን ጀምሮ።»

አንዷለም ከምድጃው ማዶ ተነሳ። «እኔ... የደረቅሽ መስሎኝ ነበር። ምንም ያልመጣልሽ መስሎኝ።» ተጠጋና ከፊቷ ቁጢጥ አለ። እጇን ያዘ። «ንገሪኝ እስቲ። ሙሾ አይሁን፣ ዜማ አይኑረው። እንዲሁ እንደ ወሬ ንገሪኝ። አባቱ አይደለሁም?»

እውነት ነው። ወሬ አልተገዘተም። አባት ስለ ልጁ ቢሰማ ምን ኃጢአት አለው? ጥሩሸዋ የሳቀች መሰለች። ነጠላዋን አስተካከለች፣ ከንፈሯን በምላሷ አራሰች፣ አፏን ከፈተች።

«ወንድምአገኝ...» አለች።

ቆመች።

«ወንድምአገኝ...»

አንዷለም ጆሮውን አስጠጋ። ጥሩሸዋ ዓይኗን ጨፈነች። አሥራ ስምንቱም እዚያው ናቸው፣ ይሰሟታል፤ ሁሉም ግን ከዜማው ኋላ ቆመዋል። በአፍንጫዋ ትንሽ ብታንጎራጉር አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይወጣ ነበር። ያለዜማ ግን ከስሙ ያለፈች አንዲት ቃል እንኳ አልወጣ አለች።

«የመጀመሪያዋን ብቻ» አለ አንዷለም።

«አልመጣም አለኝ።»

«አንድ እንኳ?»

«አንድ እንኳ።»

«እንግዲያው አንጎራጉሪው!» ድምፁ ተሰበረ። «ትንሽ። በሹክሹክታ። እኔና አንቺ ብቻ ነን፣ ማን ይሰማል?»

ጥሩሸዋ እጇን ከእጁ አውጥታ ሆዷ ላይ አደረገች።

«የቆረብኩት ይሰማል» አለች።

ከታች ከቤተ ክርስቲያኑ የኮከቤ ድምፅ ተነሳ። ቀጥሎ ሕዝቡ ሲቀበላት ተሰማ። አንዷለም ቁጢጥ እንዳለ አዳመጠ። ከዚያ ተነሳ፣ ጋቢውን አጣፍቶ ከግድግዳው ላይ ዱላውን አነሳ።

«ወዴት ነው?» አለችው።

«ለአፈወርቅ ላልቅስ» አለ። «እዚያስ የሚያስለቅስ አለ።»

በሩን ሳይዘጋው ወረደ።